ወላፈናችንን ኃጢአት ላሉልን ለእድራችን ዳኛ

ለክቡር አቶ ጌታሁን፤
የዝግባ አፋፍ ኪዳነ ምሕረት ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር፣ የእድራችን ዳኛ፣ የመስኖ ውኃችን አከፋፋይ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ማንም ሳይሾምዎ የሴቶች ደም መርማሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ የሚገባውን ሰላምታ እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? ከብቱስ፣ ንቡስ፣ አምና በረዶ ያልነካው የታችኛው ማሳዎስ? ባለቤትዎ እትዬ ባንቺአየሁስ እንደምን ናቸው? ክንዳቸውን አሟቸው እርስዎ በገዛ እጅዎ ቅቤ እያሹላቸው መሰንበትዎን ሰምተናል፤ በዚህ አገር ሚስቱን የሚያሽ ባል እንደ ልብ አይገኝምና ደስ ብሎናል። ከደረደርኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከልቤ የጠየቅሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። መልሱን ከደብዳቤዬ ማብቂያ ላይ ስለሚያገኙት እስከዚያው በትዕግሥት እንዲያደምጡኝ እለምናለሁ።

እኔ እንቁ ነኝ፤ ቡሬ ገበያ በርበሬ የምሸጠው፣ የአምለሰት ታናሽ እህት። ይህን የጻፍሁት እድሩ ከዝግባው ሥር በሚሰበሰብበት ቀን ጸሐፊያችን አቶ እንዳለው ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያነበው ነው። ቤትዎ ድረስ መጥቼ ብናገር ቃሌ ከጓዳዎ አይወጣም ነበር፤ የእህቴ ጉዳይ ደግሞ በሕዝብ ፊት የተጀመረ ነውና በሕዝብ ፊት ቢነገር ይሻላል ብዬ ነው። እህቴ አሁን ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል ተኝታለች። ትነሣ አትነሣ እንደሆነ ሐኪሞቹ አልነገሩንም፤ እኛም ደግመን ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ደብዳቤዬ ከመንደራችን ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ነገሩ እንዳይሰወርበት፣ እርስዎ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁትን አንድ ነገር ላስቀድም። በአጥቢያችን ለሴት የሚሰጥ አንድ ሹመት አለ። የወር አበባዋ የቆመ፣ ያረጠች ሴት፣ ጠባይዋ ተመስክሮላት የቅዱስ ቁርባኑን ስንዴ፣ መገበሪያውን፣ ለቅማ በእጅ ወፍጮ እንድትፈጭ ትመረጣለች። ደም የምታይ ሴት አትነካውም። ዳኝነቱም፣ ሊቀ መንበርነቱም፣ ውኃ ማከፋፈሉም የእናንተ ነው፤ ይህ አንዱ ግን የእኛ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ማረጥ ማርጀት ብቻ አይደለም፤ ወደ ወፍጮው ቤት መግባትም ነው። ታላቄን እታለም እያልሁ ነው የምጠራት። እታለም የተመረጠች ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ እናታችን ይህን አይታ ብትሞት ኖሮ እያለች አልቅሳለች። በሕይወቷ ከተሰጣት ነገር ሁሉ ሳትለምን ያገኘችው እርሱን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ምስጋናም ስላለበት ሁለቱን ቀላቅዬ አቀርባለሁ፤ የቱ አቤቱታ፣ የቱ ምስጋና እንደሆነ እርስዎ በዳኝነትዎ ይለዩታል።

አንደኛ፤ ስለ ወላፈኑ።

እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ማስፈር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በዐውደ ምሕረት ላይ መናገር ነውር ካልሆነ በወረቀት መጻፉም ይፈቀድልኛል ብዬ አምናለሁ። ወላፈኑ ከደረት ይነሣል። ብርድ በሆነበት ቀን፣ ምድጃ አጠገብ እንኳ ሳይቀመጡ፣ ወደ አንገት፣ ወደ ጆሮ፣ ወደ ግንባር ይወጣል። ልብ ይደልቃል፤ ላቡ በጀርባ ወርዶ መቀነት ያርሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንቀጠቅጣል። እንቅልፍ ይሸሻል፤ ጉልበት ይቆረጥማል፤ ወጡ ላይ ጨው ጨምሬያለሁ አልጨመርሁም ማለት ይመጣል። ባል ገና አፉን ሳይከፍት መናደድም አለ፤ ይህኛው ግን ከማረጥ በፊትም የነበረ ስለሆነ አልቆጥረውም።

እኔን ገበያ ላይ ሲይዘኝ ገዢዎቼ በርበሬው ፊቷን አቃጠላት ይላሉ፤ ለሸቀጤ ምስክር ስለሚሆነኝ ዝም እላለሁ። ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ኡምሀኒ የካርቶን ክዳን ቀድዳ ታራግብልኛለች፤ እርሷም አሳልፋዋለችና። ሃይማኖታችን ይለያይ እንጂ ወላፈናችን አንድ ሆኖ አግኝተነዋል። እታለም ግን የምታመካኝበት በርበሬ አልነበራትም። አምና በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ቅዳሴው መሐል ሲነሣባት ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ወጣችና ከዝግባው ሥር ቆመች። እርስዎም አይተዋት ኖሮ፣ ቅዳሴ የሚያስወጣው ሰው ውስጡ አንድ ነገር ቢኖር ነው፣ ከውስጥ የሚነድ ሰው ኃጢአቱ ነው የሚያነደው ማለትዎ ደረሰን። ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ኃጢአት ወንዱን ሁሉ ትቶ፣ ሴቱንም ሃምሳ ዓመት እስኪጠጋት ጠብቆ የሚያነድ መሆኑን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ደሙ።

እታለም ሁለት ፋሲካ ከፈጨች በኋላ፣ ባለፈው ሰኔ፣ ቆሞ የነበረው ደም መጣባት። የጎረቤት ሴቶች ልጅነትሽ ተመለሰ ብለው ሣቁላት፤ አንዷ እንዲያውም እንደ ሣራ ልጅ ትታቀፊያለሽ ብላ መረቀቻት። እርሷ ግን ስንዴውን ከነመጁ ትታ በዚያው ቀን ወደ ሰበካ ጉባኤው ሄደች፤ «ደም አይቻለሁና ሌላ ሰው ይተካ፤ እኔ ተወፍጮው አልደርስም» ብላ ተናገረች። ያየባት ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ወፍጮ ላይ በሆነች።

እርስዎ ግን ነገሩን በጥልቀት መረመሩት። የቆመ ደም አይመለስም፤ ከተመለሰ መጀመሪያውኑ አልቆመም ነበር፤ አልቆመም ከነበረ አምለሰት ዋሽታለች፤ ከዋሸች ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆረብነው ንጹሕ ባልሆነ እጅ ነው አሉ። ክቡር አቶ ጌታሁን፣ አነጋገርዎ እንደ ጥሩ ግንብ ድንጋዩ ከድንጋዩ ገጥሟል፤ መሠረቱ ብቻ ነው የሌለው። ያችን እውነቷን ይዛ በእግሯ የመጣችውን ሴት ውሸታም ለማለት ይህን ያህል ድንጋይ ተሸክመው መድከምዎ ያሳዝነኛል። ደም የሚመጣው በሕመምም ሊሆን እንደሚችል ግን ከንስሐ አባቷ በቀር ከጉባኤው አንድ ሰው አልተነፈሰም።

ሦስተኛ፤ ስለ በረዶው።

በነሐሴ፣ በቆሎው እሸት ሊሆን ሲል፣ በረዶ ወርዶ የላይኛውን ተረተር ጠርጎ የታችኛውን እንዳለ ተወ። ከሁሉ አስቀድሞ የጠረገው የመልካሙን ማሳ ነበር፤ መልካሙ የእታለም ባል ነው። እህቴ መዓት ጠርታ ከሆነ ባለሙያ አይደለችም ማለት ነው፤ ያስመታችው የራሷን በቆሎ ነውና። እርስዎ ግን በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው፣ መገበሪያ ያረከሰ እጅ ባለበት አገር ሰማይ ዝም አይልም አሉ። ስም አልጠሩም። ስም አለመጥራትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል፤ ፊትዎን ወደ ሴቶች በር አዙረው ዝም ማለትዎ ብቻ በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ያመጣችውን እንጀራ ተቀብሎ ያቀረበ ሰው የለም። ሰላም የሚላት ሰው እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ነበር የሚዘረጋላት። ምንጭ ስትወርድ ሌሎቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ፤ ቀድታ ስትሄድ ውኃው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ደግሞ ቆርቆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በረዶ ነው እንዳንል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወርዋሪውን አላየንም፤ እርስዎም ወርውሩ አላሉም። በዚህ ረገድ ማንም ሊከስዎ አይችልም። ሰው በእጁ ድንጋይ ሳይነካ ይህን ያህል ድንጋይ ማስወርወር መቻሉ ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል፤ ይህን ስጽፍ አላግጬ አይደለም።

አራተኛ፤ ስለ መንገዱ።

ይህችኛዋ ትረዝማለች፤ እርስዎም ለዚህች ሲደርሱ አንገትዎን እንደሚደፉ ስለማውቅ ቀስ ብሎ እንዲያነባት ለእንዳለው አሳስቤዋለሁ።

እታለም ሰውነቷ መመንመን ሲጀምር መልካሙ በጋሪ ጭኖ ፍኖተ ሰላም ሊያደርሳት ተነሣ። እርስዎ ደግሞ ሰው ልከው፣ ጉባኤዎ ለንስሐ የጣለባትን ስግደትና ጠበል ሳትጨርስ ከአጥቢያው ብትወጣ እድሩ እንደማያውቃት አስታወቁት። በእኛ አገር እድር አያውቅህም ማለት ስትሞት የሚሸከምህ የለም ማለት ነው። መልካሙም የሚስቱን ሕመም ከሚስቱ አስከሬን ጋር መዘነና ጋሪውን መለሰ። በእርሱ አልፈርድም፤ ድሀ ሰው ነው፣ ሬሳ ብቻውን ተሸክሞ መቃብር የሚወርድበት ጉልበት የለውም። በሕይወት ያለችን ሴት በቀብሯ ማስፈራራት ግን ማን እንዳስተማረዎ ለማወቅ እጓጓለሁ።

የንስሐ አባቷ መምሬ ቢሆነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሐኪም አትከለክልም፣ ደሙም ደዌ እንጂ በደል አይደለም ብለው በጉባኤው ተናግረው ነበር። እርስዎ ግን መምሬ፣ ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው ብለው በክብር አስቀመጧቸው። ንስሐ ከቄስ እጅ ወጥቶ አስተዳደር ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው። ስለዚህ እህቴ ከመስከረም እስከ ጥምቀት በአስተዳደርዎ ሥር ሰገደች። በግንባሯ ላቡ፣ በእግሯ ደሙ እየወረደ፣ አንድ ቀን ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ «እንቁዬ፣ እሳቱስ ልማዴ ነው፤ ይህ ግን እኔን እየጨረሰ ነው የሚወርድ» አለችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ማንንም አላስፈቀድሁም። በጊዜው ግርግር ተዘግቶ የሰነበተው የመኪና መንገድ በተከፈተበት ቀን ይዣት ወጣሁ።

ፍኖተ ሰላም ያዩዋት ሐኪሞች ብዙም ሳያቆዩ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ የተቀበለችን ዶክተር ሜላት የምትባል ወጣት ናት። ስለ ወላፈኑ ስነግራት አልሣቀችም፤ ጣሪያም አላየችም። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ የልብ ድልቂያው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ደም ሲቆም አብዛኛዋ ሴት የምታልፍበት ነው፤ ለአንዷ ይቀላል፣ ለሌላዋ ይከብዳል፤ ለከበዳት መላ አለው፤ ቅጣትም አይደለም አለችን። እታለም ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጀምሮ ይዛው የነበረ ትንፋሽ ይመስለኛል።

ደሙ ግን ሌላ ነው አለች። ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ ጠብታም ቢሆን ከታየ ልጅነት አልተመለሰም፤ አካል ድረሱልኝ እያለ ነው። አንዳንዴ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴ የማኅፀን ካንሰር ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ተመርምሮ ካልሆነ በዓይን አይለይም፤ ካንሰርም ቢሆን ቶሎ ከተደረሰበት ብዙዎቹ ይድናሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞራ መቼ እንደጀመራት ጠየቀቻት። እህቴም ሰኔ አለች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ለምን ቆያችሁ አለችን።

ክቡር አቶ ጌታሁን፣ ስምዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እታለም ግን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ተዪ፤ የሰው ስም እንዲህ ባለ ቦታ አይነሣም» አለችኝ። እኔም ዝም አልሁ። ያን ቀን ከዚያ ክፍል ውስጥ ስምዎን ያዳነችልዎ ያችው ኃጢአተኛ ናት፤ ይህን ባለውለታነት ከእኔ በስተቀር የሚነግርዎ ስለሌለ ነው የጻፍሁት። የእታለም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከዘገዩትም ሆነ።

አምስተኛ ብዬ የምቆጥረው አቤቱታ የለኝም፤ ከዚህ በኋላ ያለው ወሬ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ለሰርግ ተጠርተን ሴቶች ሁሉ ክብ ሠርተን ሽንኩርት ስንልጥ፣ እኔ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ፣ የወላፈኑንም የደሙንም፣ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ወደ ሽንኩርታቸው አጎነበሱ። ቀጥሎ አንዷ፣ እኔስ ከአልጋ ወርጄ ባዶ መሬት ላይ እተኛለሁ አለች። ሌላዋ አንገቴ ላይ ውኃ ካላፈሰስሁ አይለቀኝም አለች። ሦስተኛዋ ልቤ ሲደልቅ ልሞት ነው እያልሁ ለልጆቼ ኑዛዜ ሳዘጋጅ ነበር ብላ ሣቀች፤ ሣቋ ግን አላማረም። እያንዳንዷ ብቻዋን የምትነድ ይመስላት ኖሯል። ሁላችንም ኃጢአተኞች ሆነን ተገኘን፤ ኃጢአታችን እርስዎ እንዳሉት የሚነድ ቢሆን ለሰርጉ እንጨት መፍለጥ ባላስፈለገ። ሽንኩርቱ ዓይናችንን ስለሚያስለቅሰን ከመካከላችን ማን ስለምን እንደሚያለቅስ አይለይም ነበር።

እትዬ ባንቺአየሁም ከእኛ ጋር ነበሩ። እህቴ ከወጣች በኋላ እርስዎ በእርሷ ቦታ ወደ ወፍጮው ቤት ያስገቧቸው እርሳቸውን ነው፤ ከእርስዎ ቤት የበለጠ ንጹሕ ቤት በአጥቢያው ስላልተገኘ መሆኑን ሁላችንም ተረድተናል። በዚያ ቀን ሁላችን ተነሥተን እጃችንን ስንታጠብ እርሳቸው የተላጠውን ሽንኩርት እንደገና ሲልጡ አየኋቸው። ክንዳቸውን አሟቸው የተባለው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ወፍጮውም ዝም ካለ ሰንብቷል።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆመው፣ ፊትዎን ወደዚያው ወደ ሴቶች በር አዙረው፣ አምለሰት እንዳልዋሸች ይናገሩ። ስም ይጥሩ፤ በዚህ ጊዜ ስም አለመጥራት አያስመሰግንም። እድሩ በሕይወት ብትመለስ እንዲቀበላት፣ ሳትመለስ ብትቀር ደግሞ እንደ ማንም እናት ተሸክሞ ከአባቶቿ መቃብር እንዲያሳርፋት ያስወስኑ። ሕመሜ ሐኪም ይፈልጋል ያለችን ሴት ከእንግዲህ በቀብሯ እንዳያስፈራሩ።

ይህ ባይሆን አንሳደብም፤ አንከስም፤ በርዎ ላይም ቆመን አንጮህም። ነገር ግን የእድሩን ድግስ የሚያበስለው፣ ለለቅሶ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ለማኅበሩ ጠላ የሚጠምቀው እጅ ሁሉ ያው የሴት እጅ ነው፤ ደሙ ዛሬ ያለው፣ ነገ የሚቆመው፣ ከቆመም በኋላ ምን እንደሚያመጣ የማይታወቀው። ንጽሕናችን በእርስዎ ተመርምሮ እስኪረጋገጥ ድረስ እነዚህን እጆች ከእህላችሁ ውስጥ ለማስገባት አንደፍርም። በዚህ የተስማማነው ሴቶች ስንት እንደሆንን አልነግርዎትም፤ ጠዋት ከየጭስ ቤቱ ጭስ መውጣት አለመውጣቱን ከአፋፉ ላይ ሆነው ሊያዩት ይችላሉ።

ግንቦት እያለቀ ነው። ከወንዙ ማዶ ደመናው መቋጠር ጀምሯል። ክረምቱ እንደ አምናው በረዶ ይዞ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ በረዶ ከመጣ ግን የሴቶቹ በር በዚህ ዓመት ሰው እንደማይቆምበት አስቀድሜ ላስታውቅዎ እወዳለሁ። ፊትዎን ወዴት እንደሚያዞሩ ከወዲሁ ያስቡበት።

ሰማዩ ማሳዎን እንደ አምናው እየዘለለ እንዲያልፍልዎ፣ ወገብዎ እንዲቀና፣ ከወገብዎም ጋር ፍርድዎ እንዲቀና እየተመኘሁ፣ ላበረከቱልን ትምህርት ሁሉ ምስጋናዬን አጥፌ ደራርቤ እያቀረብሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ከውስጧ የምትነደው፣ አክባሪዎ
እንቁ

ግልባጭ፤
ለመምሬ ቢሆነኝ፤ ንስሐው ከአስተዳደር ሲመለስላቸው እንዲያውቁት፤
ለመልካሙ፤ ጋሪውን እንዳይሸጠው፤
ለእታለም፤ ባሕር ዳር፣ ካለችበት አልጋ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ መግቢያዬ ላይ ስለ ባለቤትዎ የጠየቅሁትን አልረሳሁም። የእትዬ ባንቺአየሁ ክንድ ደኅና ነው፤ ድሮም ደኅና ነበር። ቅቤው በከንቱ አልቀረም፣ ቆዳቸውን አለስልሶታል፤ ሕመሙ ግን እዚያ አልነበረም። ዓመታት ቆሞ የነበረው ደም ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ይመጣባቸዋል። ወፍጮውን ያቆሙት ለዚህ ነው። ለእርስዎ ያልነገሩበትን ምክንያት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ እህቴ ስትጠየቅም፣ ስትሰግድም፣ ድንጋይ ሲወርድባትም ከእርስዎ ጎን ቆመው ያዩት ነበር። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ፣ በዚህ ቀንም ይነበብ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው፤ በአፋቸው ሊነግሩዎ ሦስቴ ጀምረው፣ ሦስቴም ክንዴን ነው ብለው ተመልሰዋል። ዛሬ ጠዋት ለፍኖተ ሰላም ገበያ ብለው ሲወጡ ቅርጫታቸው ውስጥ የነበረው ቅያሪ ልብስ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ እንዳለው ይህን ሲያነብ እኛ ባሕር ዳር ገብተናል፤ ከእታለም ይልቅ ፈጥነናልና ተስፋ አለን። ዶክተር ሜላት ያንኑ ጥያቄ መጠየቋ አይቀርም፤ መቼ ጀመረዎት፣ ለምንስ ቆዩ ትላለች። እኔ እህቴ ያኔ እንዳለችኝ ዝም እላለሁ። እትዬ ባንቺአየሁ ግን ስምዎን ከነማዕረግዎ በቃላቸው ያውቁታል።